ኤሌክትሪክ ጊታርን ቤት ውስጥ በትንሽ ወጪ መቅረጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊታር አለ፣ ላፕቶፕ አለ፣ ስቱዲዮ የሚያስገባ ገንዘብ ግን የለም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የሚነሱት ከዚህ ነው። ከጊታሩ የሚወጣውን ጥሬ ሲግናል በጥንቃቄ ከያዛችሁት ሌላውን ሁሉ በኋላ መቀየር ትችላላችሁ። ጥሬው ከተበላሸ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ስለዚህ መልሶቹ ደጋግመው ወደዚሁ ጥሬ ሲግናል ይመለሳሉ።

ለመጀመር የግድ የሚያስፈልጉኝ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ጊታር፣ ኬብል፣ ኮምፒውተር፣ ሄድፎን፣ የመቅረጫ ሶፍትዌር እና ኦዲዮ ኢንተርፌስ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድ ይለዋል። ሥራው የጊታሩን ሲግናል ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዩኤስቢ ለኮምፒውተሩ ማቀበል ነው። አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ባለስፒከር ሣጥን፣ የግድ አይደለም። ማይክም የግድ አይደለም።

ገንዘቡ የተቆጠረ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ ክር ግዙ፣ ከዚያ ኢንተርፌስ፣ ከዚያ ደህና ሄድፎን። አዲስ ጊታር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ቅኝቱን የሚይዝና ፍሬቱ የማይንጫጫ ርካሽ ጊታር አዲስ ክር ሲገባለት ቀረጻ ላይ ከጠበቃችሁት በላይ ያምራል።

ቤት ውስጥ ተቀርጾ ቁም ነገር አይወጣውም ብሎ የሚጠራጠር ካለ፣ ቶም ሾልዝ የቦስተን ባንድን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን የቀረጸው በገዛ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬ አንድ ተራ ላፕቶፕ የሚሰጣችሁን የትራክ ብዛት ያን ጊዜ ትልልቅ ስቱዲዮዎች እንኳ አልነበራቸውም።

ጊታሩን በቀጥታ የላፕቶፑ ማይክ ጃክ ላይ ብሰካውስ?

ድምፅ ይገባል፣ ግን አይመከርም። የጊታር ፒክአፕ፣ ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ደካማ ሲግናል ነው የሚያወጣው። ያ ሲግናል ሙሉ ሆኖ እንዲደርስ የሚቀበለው መሣሪያ ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋኦም አካባቢ። የላፕቶፕ ማይክ ጃክ ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ውጤቱን ስትሰሙት የላይኛው ድምፅ ይደፈናል፣ ክሩ ሕይወት ያጣል፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚመጣ ሹክሹክታም ይጨመርበታል። ይህን በኋላ በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ) መመለስ አይቻልም፤ የጠፋው ጠፍቷል።

የትኛውን ኢንተርፌስ ልግዛ?

ለጊታር ብቻ ከሆነ አንድ መግቢያ ያለው ይበቃል። ዋናው የጊታር መግቢያ ያለው መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚል ጽሑፍ ወይም ቁልፍ ይኖረዋል። የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ እና የቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ በጀማሪዎች ዘንድ በደንብ የሚታወቁ ናቸው። ሁለቱም በ24 ቢት ይቀርጻሉ፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው። በእነዚህ መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት ሲያወዳድሩ ሌሊቱን የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ያንን ጊዜ ለልምምድ ብታውሉት ቀረጻችሁ ላይ በግልጽ ይሰማል።

ያገለገለ መግዛት በጣም ያዋጣል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ያ ሞዴል እናንተ ለምትጠቀሙበት ዊንዶውስ ወይም ማክ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንዳለው አረጋግጡ። ዕቃው ደህና ሆኖ ድራይቨሩ የቀረ ኢንተርፌስ ብዙ ነው። መግቢያውንም ጊታር ሰክታችሁ፣ ጃኩን በእጃችሁ ትንሽ ወዘወዝ አድርጋችሁ ሞክሩት። የሚንኳኳ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ተዉት።

ገዝታችሁ ስትሰኩ ያንን የ«ኢንስት» ቁልፍ መጫን አትርሱ። «ድምፁ ደነዘዘብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩስ?

ማክ ካላችሁ ጋራዥባንድ በነጻ ይገኛል፣ የራሱ የጊታር አምፖችም አሉት። በዊንዶውስ ላይ ሪፐርን እመርጣለሁ። ለ60 ቀን ሙሉውን ፕሮግራም በነጻ መሞከር ይቻላል፣ ቀለል ያለ ስለሆነም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ሊኑክስ ላይ አርዶር አለ። ኦዳሲቲ ድምፅ ለመቆራረጥ ጥሩ ነው፤ እየተጫወታችሁ በሶፍትዌር አምፕ (የአምፕን ድምፅ በሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ራሳችሁን ለመስማት ግን አይሆንም።

የቀረጻውን ሌቭል፣ የሚገባውን ድምፅ መጠን፣ የት ላይ ላድርገው?

ብዙ ሰው ሜትሩ ቀዩ ጋ ካልደረሰ ያልተቀረጸ ይመስለዋል። ይህ ከቴፕ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። በቴፕ ላይ ሲግናሉ ከሳሳ የቴፑ ሹክሹክታ ይውጠው ነበር። በ24 ቢት ስትቀርጹ ይህ ስጋት የለም። በስሌት ደረጃ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስፋት አላችሁ፤ ዝቅ አድርጎ ቀርጾ በኋላ ከፍ ማድረግ ምንም አይጎዳም። የሜትሩን ጣሪያ ዜሮን ካለፈ ግን ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል። ያ መቆረጥ እንደ አምፕ ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ እንደሚሻከረው የሮክ ጊታር ድምፅ) አያምርም፤ ቅጭ ቅጭ የሚል ደረቅ ድምፅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጊታሩን ቮሊዩም እስከ ጥግ ክፈቱት። ከዚያ በዘፈኑ ውስጥ በጣም ኃይለኛ የሆነውን ቦታ፣ ስትቀርጹ እንደምትመቱት አድርጋችሁ ምቱት። ከዚያም ትንሽ ጨምሩበት፤ ምክንያቱም መቅረጫው በርቶ ሲቆጥር እጅ ሁልጊዜ ይከብዳል። የኢንተርፌሱን ጌይን (የሚገባውን ሲግናል የሚያጎላውን ቁልፍ) ያ ትልቁ ምት ከ-12 እስከ -8 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ አስተካክሉ። አማካዩ -18 አካባቢ ቢሆን ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው፤ ብዙ የሶፍትዌር አምፖች የሚመቻቸው እዚያ አካባቢ የሚመጣ ሲግናል ነው። ከዚህ በኋላ ጌይኑን አትንኩት። በመሐል ከነካችሁት ትናንት የቀረጻችሁትና ዛሬ የምትቀርጹት አንድ ዓይነት አይመጡም።

ስጫወት ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ። ምን ላድርግ?

ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚሠራው በቁራጭ በቁራጭ ነው። የቁራጩ መጠን ባፈር ይባላል። በ44,100 ኸርዝ ስትቀርጹ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ አንዱ ልኬት ሳምፕል ይባላል፣ 128 ሳምፕል ማለትም 2.9 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በዚህ ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። ባፈሩ 1024 ከሆነ ደግሞ 23 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ አምፑ ስምንት ሜትር ርቆ የቆመ ያህል። ሲግናሉ ሲገባም ሲወጣም ስለሚጠብቅ ትክክለኛው መዘግየት ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በዚያ ሁኔታ ሪትም ይዞ መጫወት ከባድ ነው።

ስለዚህ ስትቀርጹ ባፈሩን ወደ 128 ወይም 64 አውርዱት። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ መልሱት። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርጉ (ትራኮቹን ስታዋህዱ) ወደ 1024 ከፍ አድርጉት፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ ለማንም አይታወቅም። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (መዘግየቱን የሚያሳጥረውን) ጫኑ። የራሱ ከሌለው አሲዮፎርኦል የሚባል ነጻ መፍትሔ አለ።

ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ የኢንተርፌሱን «ዳይሬክት ሞኒተር» ክፈቱ። ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይዞር በቀጥታ ጆሯችሁ ይደርሳል። የምትሰሙት ያልተቀባባ ጥሬ ጊታር ይሆናል። በዚያ ዲስቶርሽን ያለበት ሶሎ መጫወት አይመችም፤ ለክሊን ኮርዶች ግን ምንም አይል። የሶፍትዌር አምፑን እየሰማችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ቁልፍ ዝጉት፤ አለዚያ ጥሬውና የተሠራው ተደርበው ይሰማሉ።

ያለ አምፕ ቀርጬ ዲስቶርሽን ስጨምርበት የንብ መንጋ ነው የሚመስለው። ለምን?

የጎደለው ስፒከሩ ነው። የጊታር ስፒከር እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር ሁሉንም ድምፅ አያወጣም። ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በጣም ይቀንሰዋል። ዲስቶርሽን የሚፈጥረው ያ የሚያሳክክ የላይኛው ድምፅ ስፒከሩ ላይ ነው የሚቀረው። በቀጥታ ስትቀርጹ ይህ ማጣሪያ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ጆሮ ላይ ይመጣል።

መፍትሔው ከሶፍትዌር አምፑ ቀጥሎ የካቢኔት (ስፒከሩ ያለበት ሣጥን) ድምፅ ማስገባት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይአር በሚባል ትንሽ ፋይል ይመጣል። የአንድ እውነተኛ ስፒከር፣ ማይክ እና የማይኩ አቀማመጥ ባሕርይ ተለክቶ በውስጡ ይቀመጣል። ነጻ የሆኑ ብዙ አሉ። ኢግናይት አምፕስ ያወጣው ናድአይአር እነዚህን ፋይሎች የሚከፍት ነጻ ፕለጊን (በመቅረጫ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው፤ የእነሱው ኢሚሴሪም ለከባድ ድምፅ የሚሆን ነጻ አምፕ ነው። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ኒውራል አምፕ ሞዴለር ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ሰዎች የየራሳቸውን አምፕ ለክተው የሚያጋሩበት ስለሆነ፣ በሕይወታችን የማንገዛቸውን አምፖች ቤታችን ውስጥ እንድንጫወትባቸው አድርጎናል። ይህ ለድሃ ጊታሪስት የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰዎች ከሚያጋሯቸው የአምፕ ፋይሎች አንዳንዶቹ ካቢኔቱን ጨምረው የተለኩ ናቸው። በእነሱ ላይ ሌላ አይአር ከደረባችሁ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ይሆናል። ከማውረዳችሁ በፊት መግለጫውን አንብቡ።

ምን ያህል ዲስቶርሽን ልጠቀም?

ከምታስቡት ያነሰ። ብቻችሁን ስትጫወቱ ግዙፍ የሚመስለው ጌይን ከድራምና ከቤዝ ጋር ሲገባ ጭቃ ይሆናል፤ የፒኩ ምት ይጠፋል። የምትወዱትን ድምፅ ካገኛችሁ በኋላ ጌይኑን ትንሽ መልሱት።

ትንሽ አምፕና አንድ ማይክ አለኝ። እንዴት ልቅረጽ?

ዕድለኛ ናችሁ፤ ይህ ከሁሉም የሚያስደስተው መንገድ ነው። ለጊታር አምፕ የሚመረጠው ዳይናሚክ ማይክ ነው። ሹር ኤስኤም57 እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ማይክ ነው፤ ዛሬም ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ አምፕ ፊት ተደቅኖ ታገኙታላችሁ። እሱ ባይኖር ለድምፃዊ የሚሆን ተራ ዳይናሚክ ማይክም ያደርሳል።

ማይኩን ከስፒከሩ ጨርቅ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር አርቁት። ይህን ያህል ሲቀርብ ክፍሉ የሚያመጣው ማስተጋባት በጣም ስለሚቀንስ ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍልም ያን ያህል አያስቸግርም። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው ድምፁን የሚወስነው። በእጅ ባትሪ ጨርቁን አብሩበትና የስፒከሩን መሐል፣ ያንን ክብ ቆብ ፈልጉ። ማይኩ መሐሉን ሲያይ ድምፁ ስለታም ነው፣ ፒኩ ክሩን ሲነካ ሁሉ ይሰማል። ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር እየጠቆረና እየወፈረ ይመጣል። ቆቡ ከኮኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር ብዙ ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ሄድፎን አድርጉና ሌላ ሰው እንዲጫወት ጠይቁ። ሰው ከሌለ አንድ ሪፍ ስልካችሁ ላይ ቀርጻችሁ በአምፑ በኩል እየደጋገመ እንዲያጫውት አድርጉ። ማይኩን በጣት ውፍረት ወደ ጎን ግፉት። የላይኛው ድምፅ ሲለሰልስ ትሰሙታላችሁ። ሌላ ጣት ግፉ፤ አሁን ደረቱ ወጣ። ይህን አሥር ደቂቃ ያደረገ ሰው ኢኪው ላይ አንድ ሰዓት ከማጥፋት ይድናል። ቦታውን ስታገኙት የማይኩን ማቆሚያ እግሮች ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ቮሊዩሙ ቤት የሚያንቀጠቅጥ መሆን የለበትም። ከመደበኛ ንግግር ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ስምንት ኢንች ስፒከር ያለው መለማመጃ አምፕ ሲቀረጽ መጠኑን ማንም አያውቅበትም። መጠባበቂያ እንዲሆናችሁ ደግሞ፣ ሁለት መግቢያ ካላችሁና ሲግናሉን መክፈል ከቻላችሁ፣ በአንዱ ማይኩን በሌላው ጥሬውን ጊታር ቅረጹ። የአምፑን ድምፅ ነገ ከጠላችሁት ጥሬው ይጠብቃችኋል።

የአምፑን የስፒከር መውጫ ኢንተርፌሱ ላይ መሰካት ይቻላል?

በፍጹም። የስፒከር መውጫ ኢንተርፌሱን ሊያቃጥል የሚችል ኃይል አለው። አምፑ የቲዩብ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ተነቅሎ ሲሠራ ራሱም ሊበላሽ ይችላል። «ላይን አውት» ወይም የሄድፎን መውጫ ካለው ግን ያ ይሆናል፤ ቮሊዩሙን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ኢንተርፌሱንም «ላይን» ላይ አድርጉት።

የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ አለ። ከየት ነው የሚመጣው?

መጀመሪያ የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ አድርጉት። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑ ነው። ካልጠፋ ኬብሉን፣ ኢንተርፌሱን ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩን ጠርጥሩ።

ፒክአፑ ከሆነ ነገሩ ወዲህ ነው። ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ድምፅ እንደ አንቴና ይይዛል። ሃምበከር የተሠራው ይህን ለማጥፋት ነው፤ ሴዝ ላቨር ጊብሰን ውስጥ እያለ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ጥቅሎች የሚይዙት እምምታ እርስ በርሱ ይሰራረዛል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ነጠላ ጥቅል ያለው ጊታር ካላችሁ ከስክሪኑና ከቻርጀሩ ራቁ። ከዚያ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። የሆነ አቅጣጫ ላይ እምምታው በግማሽ ሲቀንስ ትሰማላችሁ። ፊታችሁን ወደዚያ አዙራችሁ ቅረጹ። በሁለት ፒክአፕ መካከል ያለው የመቀየሪያ ቦታም በብዙ ጊታሮች ላይ እምምታውን ይሰርዛል። ብርሃን የሚያደበዝዝ የመብራት ማብሪያ ካለ ደግሞ አጥፉት፤ ክፉ ጠላት ነው።

ምንጩ መስመሩ ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የሶኬቱን የምድር ሽቦ መቁረጥ ወይም ማለያየት ግን ሕይወትን የሚቀጥፍ ነገር ነው፤ ማንም ቢመክራችሁ አታድርጉት።

ኖይዝ ጌት የተረፈውን ትንሽ ድምፅ ይዘጋል። ከአምፑ በፊት አስገቡት፣ የረዘመውን ኖታ ጅራት እንዳይቆርጥ ግን ላላ አድርጉት።

አልበም ላይ ያሉ ጊታሮች ሰፊ ናቸው፣ የኔ ቀጭን ነው። ትራኩን ኮፒ ላድርገው?

ኮፒ ማድረግ ምንም አያሰፋም። አንድ ዓይነት ሁለት ትራክ ግራና ቀኝ ብታደርጉ አሁንም መሐል ነው የሚሰማው፤ የሚጨምረው ቮሊዩሙ ብቻ ነው። አንዱን በጥቂት ሚሊሰከንድ ብትገፉት ይሰፋል፣ ግን በአንድ ስፒከር ሲሰማ ሁለቱ ይጣሉና ድምፁ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ደግሞ የሚያዳምጠው በስልክ ስፒከር ነው።

የሚያዋጣው ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ መጫወት ነው። አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ። እጅ ሁለት ጊዜ በፍጹም አንድ ዓይነት አይመታም፤ ያቺ ጥቃቅን ልዩነት ናት ስፋቱን የምትሰጠው። ለሁለተኛው ሌላ ፒክአፕ ወይም ሌላ አምፕ ብትመርጡ ልዩነቱ ይጎላል። የአምፑን ጌይን ለአንድ ትራክ ብቻ ከምትጠቀሙት ዝቅ አድርጉት፣ ሁለት ሲሆኑ ይደመራልና። ሜትሮኖም ከሌለ ይህ አይሞከርም። ሁለቱ ትራኮች አብረው ሲጀምሩ ብቻ ሳይሆን አብረው ሲያቆሙም አዳምጡ፤ ኮርዱ የሚታፈንበት ቅጽበት ከተለያየ ሥራው ወዲያው ያስታውቃል።

ክሬ አሮጌ ነው፣ በኢኪው ማብራት አይቻልም?

አይቻልም። ያረጀ ክር ቅኝቱም ይዋልላል። ቀይሩት፣ ጎትታችሁ አላምዱት፣ በየቀረጻው መሐል ቅኝቱን እዩት።

ባለብዙ ኢፌክት ፔዳል አለኝ። ኢንተርፌስ መግዛት ይቀርልኛል?

ምናልባት። ቦስ ጂቲ-1ን የመሳሰሉት በዩኤስቢ ድምፅ ያስተላልፋሉ፣ እንደ ኢንተርፌስ ይሠራሉ። ሌሎች ግን ዩኤስቢ መሰኪያ ቢኖራቸውም ፕሮግራማቸውን ለማደስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከመግዛታችሁ በፊት ማኑዋሉ ላይ «ዩኤስቢ ኦዲዮ» የሚል መኖሩን ተመልከቱ።

ሚክስ ውስጥ ጊታሩ ይሰወራል ወይም ሁሉንም ይሸፍናል። መላው ምንድን ነው?

ወፍራሙ ክር በመደበኛ ቅኝት 82 ኸርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በታች ያለው አብዛኛው ጉርምርምታ ስለሆነ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ቁረጡት፤ ቦታው የቤዝና የድራም ነው። ከላይ ከ8 ወይም 10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውንም ብትቀንሱ ሽርሽርታው ይጠፋል። ጊታሩ ብቻውን ሲሰማ ትንሽ የሳሳ ይመስላል። አትደንግጡ፤ አንድን ትራክ ለብቻው የሚያሰማውን ሶሎ ቁልፍ ለቃችሁ ሁሉም እየተጫወተ ነው ማስተካከል ያለባችሁ።

ሪቨርብና ዲሌይ (ማስተጋባትና ድምፁን መድገም) ከመጨረሻ ይምጡ። ከጊታሩ ጋር አብራችሁ አትቅረጿቸው፣ አንዴ ከተቀረጹ አይወጡምና።

ስፒከር የለኝም። በሄድፎን ብቻ ሚክስ ማድረግ ያስኬዳል?

ያስኬዳል። በደንብ የምታውቁትንና ድምፁን የምትወዱትን አንድ ሥራ በፕሮጀክቱ ውስጥ ክፈቱ። ቮሊዩሙን ከእናንተው ጋር እኩል አድርጉ፣ ምክንያቱም ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። እያፈራረቃችሁ ስሙ፤ የእናንተው ጊታር ይበልጥ ይጮኻል? ይበልጥ ይጨልማል? በሄድፎን ላይ ግራና ቀኙ ከልክ በላይ የተራራቀ ስለሚመስል፣ በየጊዜው ወደ ሞኖ ቀይራችሁ ጊታሩ አለመጥፋቱን ፈትሹ። ከዚያ በስልክ፣ በትንሽ ስፒከርም ስሙት። በአንዱ ላይ ብቻ የሚያስጠላ ነገር ካለ ብዙ አትጨነቁ። በሁሉም ላይ የሚያስጠላ ከሆነ ግን ወደ ፕሮጀክቱ ተመለሱ፤ ጥሬው ትራክ እዚያው ስላለ አምፑን ብቻ ቀይራችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ።